በእጅ የተያዘ ናፍጣ

«አንተ ወጥተህ የገባህበትን በር እኔ ላይ ምን ብለህ ትዘጋዋለህ?»

ለተሥላሴ ወንድሟን ይግዛውን ይህን የጠየቀችው ወደ ሰሃላ ለመውረድ ቦርሳውን ሲያስር ነበር። ሰቆጣ፣ እናታቸው ቤት ደጃፍ ላይ፣ መቃኑን ተደግፋ ቆማ ነበር። ይግዛው «ስመለስ እናወራለን» ብሎ በአጠገቧ አለፈ። ቆላ ወርዶ በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን የውኃ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ሰነበተ። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫው ይመጣል ከተባለ ቆይቷል፤ ሴቶቹ ዛሬም ከወንዝ ይቀዳሉ። ጥያቄዋም ሳይፈታ አብሮት ሰነበተ።

ይግዛው ሀንጋሪ ድረስ ሄዶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረ ሰው ነው። እዚያው መቅረት ይችል ነበር፤ አብረውት የሄዱት ቀርተዋል። ለምን ተመለስክ ሲሉት አንዳንዴ «ለእናቴ» ይላል፤ ሞቅ ሲለው «ለአገሬ» ይላል፤ ብቻውን ሲሆን ሁለቱንም አያምንም። ለተሥላሴ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ፈተናው እንደ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቿ ጥሏት፣ ቤት ከዋለች ሰነባብታለች። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ሳውዲ ነው። ገሚሱ በኮንትራት፣ ገሚሱ በባሕር።

ሰሃላ ስልክ አይሠራም፤ መልእክት የሚመጣው በሰው አፍ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አህዮቹን እየነዳ የወረደ አንድ ጨው ነጋዴ ይግዛውን ፓምፑ ዘንድ አገኘው።

«እህትህ ልካኛለች» አለው። «‹ከደላላው ጋር ጨርሻለሁ፤ የምሄደው ነገ ነው። መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ እጠብቀዋለሁ፤ የሚለኝ ነገር ካለው ይምጣ› ብላለች።»

«በኮንትራት ነው?»

ነጋዴው አንገቱን ወደ አህዮቹ መለሰ። «በባሕር ነው መሰለኝ።»

በባሕር ማለት አፋርን በእግር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ በጀልባ ወደ የመን መሻገር ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ገበየሁ በዚያ መንገድ ወጥቶ፣ እናቱ እስከ ዛሬ ደረሰም ሞተም የሚላት አጥታ፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ ደስታም ሳታይ ትኖራለች።

ከሰቆጣ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ደግሞ ሰዓት የለውም። ሲሞላ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ፀሐይ ሳትከር ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ይጎድለዋል። ይግዛው ያን ሌሊት ሲገላበጥ ያደረው ስማቸውን የማያውቃቸውን ተሳፋሪዎች እንዳይመጡ በልቡ እየለመነ ነው።

በማለዳ ከዚያ የሚነሳ አንድ መኪና ብቻ ነበር፤ የሰላሕ አሮጌ አይሱዙ። ሰላሕ የሰቆጣ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ለቤተሰቡ ሱቅ ዕቃ ያወርዳል፣ ሲመለስ ማሽላና ፍየል ይጭናል፣ ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው። ጋቢና ውስጥ ከእሱና ከይግዛው መሀል እማማ ወለተ ሰንበት ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ሰቆጣ ሆስፒታል ሊታዩ የሚሄዱ፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አፋቸውን የፈቱ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመዱ ባልቴት ናቸው።

መኪናው የቆመው ደረቁን ወንዝ ተሻግረው ዳገቱ ሊጀምር ሲል ነው። አላንኳኳም፣ አልጨሰም። ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሰላሕ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተንገራገጨ እንጂ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ።

«ተው፣ ባትሪውን ትገድለዋለህ» አለ ይግዛው።

«የእኔ ባትሪ መሞት አዲሱ አይደለም።»

ከጭነቱ ላይ አንድ ድምፅ «ሰላሕ! ደረስን እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ ውረዱ! ሰቆጣ ናት፤ ቤቶቹን ነው ያነሷቸው!»

ሳቁ ሳያልቅ ጋቢናውን ወደ ፊት ደፍተው ሞተሩን ገለጡት። እማማ ግራር ሥር አረፍ አሉ። ይግዛው ጆሮውን ወደ ናፍጣ ፖምፓው አስጠግቶ ሰላሕ ቁልፉን እንዲያዞር ነገረው። መሰማት የነበረበት «ጠቅ» የለም። ሽቦውን ነቅሎ ከባትሪው በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሰጠው፤ ዝም። አሸተተው፤ ያረረ ነገር ይሸታል።

ነገሩ ቀላል ነው። ቁልፍ ሲዞር በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንዲት መሳቢያ የፖምፓውን ምላስ ትስባለች፤ ምላሱ ሲሳብ ናፍጣ ያልፋል። መሳቢያዋ ከሞተች ሞላው፣ ጥምዝሙ ሽቦ፣ ምላሱን መልሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

«መሳቢያዋ ሞታለች» አለ ይግዛው።

«ለቅሶ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ? እስቲ ኢንጂነር፣ ሀንጋሪ ውስጥ ይቺ ስትሞት ምን ያደርጋሉ?»

«አዲስ ይገዛሉ።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው? እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

ይግዛው አልሳቀም። ሰማዩን አየ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ክንድ ያህል ወጥታለች። «በካቦ፣ በብረት ገመድ፣ እናድርገው» አለ።

«እኔም እሱን ልልህ ነበር። በአግባቡ ከሆነ ግን ሞላውን ፈትተን ማዞር አለብን፤ ምላሱን ከፍቶ እንዲይዝ። ካቦው ማጥፊያ ብቻ ይሆናል። ያ ብሎን ደግሞ ዝጎ ተጣብቋል፤ ጊዜ ይፈጃል።»

«ምላሱን ዝም ብለን ክፍት አድርገን እንሰረው።»

«አላደርገውም!» ሰላሕ እጁን አራገበ። «ማጥፊያ የሌለው ሞተር ይዤ ሰው ጭኜ ይሄን ገደል አልወጣም። ሞተር አንዴ ካበደ በዱዓ አይቆምም።»

«እንግዲያው እኔ በእጄ እይዘዋለሁ። ስስብ ይከፈታል፣ ስለቅ ይዘጋል።»

«እስከ ሰቆጣ?»

«እስከ ሰቆጣ።»

ሰላሕ አየት አደረገው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ በቀስታ። የእህቱን ነገር ጠዋት ስለሰማ ግን አልተከራከረም።

ካቦው የተገኘው ከበሩ ነው። የተሳፋሪው በር መቆለፊያ ከተሰበረ ጀምሮ ሰላሕ በአሮጌ የባጃጅ ፍሬን ካቦ ያስረው ነበር። ፈቱትና አንዱን ጫፍ ከፖምፓው ምላስ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰሩ፤ ሌላውን በማርሹ ዱላ ሥር ባለው ክፍተት አሳልፈው ጋቢና አስገቡት፤ ጫፉን መፍቻ ላይ ጠምጥመው መያዣ ሠሩለት። በሩን በነጠላ አሰሩት። ከዚያ ሙከራ ሆነ። ይግዛው ሞተሩ ዘንድ፣ ሰላሕ ካቦው ዘንድ።

«ሳብ!»

«ሳብኩ!»

«ልቀቅ! ... እንደገና ሳብ! ሳብ በደንብ!»

እማማ ከግራሩ ሥር «እነዚህ ልጆች ምን እየሳቡ ነው?» ሲሉ ይሰማል። አንዱ ተሳፋሪ በኽምጣና አስረዳቸው፤ ያ ገመድ ካልተሳበ መኪናው እንደማይሄድ ነገራቸው።

ባትሪው ደክሞ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ መኪናውን ወደ ወንዙ ቁልቁል ገፋው። ሰላሕ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ይግዛው ሳበ፤ ሞተሩ ተንደቅድቆ ነቃ። ሰዉ እልል አለ። ሰላሕ መኪናውን አዙሮ ወደ ዳገቱ መለሰው።

«ስማኝ» አለ። «አሁን ከጠፋ ባትሪ የለንም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ገፍቶ የሚያስነሳህ የለም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። እንዳትለቅ።»

ይግዛው መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ ሳበው። ሞላው ከታች ይስባል። መጀመሪያ ቀላል መሰለው። ጥቂት ኩርባ እንደወጡ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መፍቻው መዳፉን ይልጠው ጀመር። ትንሽ ሲዘናጋ ሞተሩ ይሳላል፤ ሰላሕ «ኧረ ኢንጂነር!» ይላል፤ ይግዛው ይስባል። በመስኮቱ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቶ ይታያል፤ ከታች የተከዜ ቆላ በጭጋግ ተሸፍኗል።

የሚላትን ቃል የሚያሰላስለው ይህን ጊዜ ነበር። ቅሪ ቢላት፣ ቀርታ ምን ትሠራለች? እሱስ ቀርቶ ምን ሠራ? ሂጂ ቢላት፣ የገበየሁ እናት ፊት ይመጣበታል። የተማረ ሰው አንድ ቃል አያጣም ብላ እየጠበቀች ነው። ያጣው ደግሞ እሱን አንድ ቃል ነው።

የዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከሰቆጣ በኩል ኔትወርክ የሚነፍስበት አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ሲደርሱ ስልኩ ከደረት ኪሱ ውስጥ ጮኸ።

«እሷ ናት!» አለ ይግዛው። «እማማ፣ እባክዎ ከኪሴ ያውጡልኝ!»

እማማ ወለተ ሰንበት እጃቸውን ሰደው አወጡት። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አራቁት።

«አረንጓዴውን ይንኩልኝ።»

«የቱ ነው አረንጓዴ? ለእኔ ሁሉም እሳት ነው የሚመስለኝ።»

«ከታች ያለው ክብ ነገር! በስተቀኝ!»

እማማ በጠቋሚ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ነካ፣ ነካ፣ ነካ። ስልኩ መጮኹን አልተወም።

«መንካት አይበቃም! ይሳቡት!» አለ ይግዛው ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ። «ይሳቡት እማማ! ይሳቡት!»

እማማ ስልኩን ጭናቸው ላይ ወርወር አድርገው፣ ካቦውን በሁለት እጃቸው አፈፍ አድርገው፣ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

«ሳብኩ!» አሉ።

ከሥር አንድ ነገር ጠሽ አለ። ካቦው ላላ። ሞተሩ ድርግም አለ።

መኪናው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ሰላሕ ፍሬኑ ላይ ቆመበት፤ የእጅ ፍሬኑን ነቀለው፤ መሪውን ወደ ተራራው ግድግዳ ጠመዘዘ። ከላይ ሰው እየዘለለ ወረደ፤ «ድንጋይ! ድንጋይ!» ተባለ። የኋላው ጎማ ከቦዩ ገብቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመና ቆመ። ፍየሎቹ ብቻ ይጮኹ ነበር። ስልኩ ዝም ብሏል።

«ምን ሆነው ነው?» ይግዛው ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ። «ስልኩን እኮ ነው ይሳቡ ያልኩት! ስልኩን!»

«እናት ላይ አትጩህ!» አለ ሰላሕ።

እማማ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ልጄ፣ ጠዋት ሙሉ ሳብ ሳብ ስትሉ የዋላችሁት በዚህ ገመድ ነው። ስልክ ይሳባል ብሎ የነገረኝ ማን አለ? ደክሞህ መስሎኝ ላግዝህ ነው።»

ይግዛው ስልኩን አንስቶ ከጋቢናው ወረደ። ወደ ኋላ ሲንሸራተቱ ኔትወርኩ ቀርቷል፤ ኩርባው ዘንድ በሩጫ ወጣ። እንደደረሰ ስልኩ በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክት ነው።

«አያ፣ ሁለት ሚኒባስ አሳለፍኩ። ሦስተኛው እየሞላ ነው። ደወልኩ አታነሳም። ቅሪ የምትለኝ ከሆነ ምን ሠርቼ እንደምኖር አብረህ ንገረኝ።»

ደወለ፤ አልገባም። ደግሞ ደወለ፤ ገብቶ ሳይጠራ ተቋረጠ። መጻፍ ጀመረ። «ቅሪ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የሚቀጥለው ቃል አልመጣ አለ፤ አጠፋው። «ሂጂ» ብሎ ጻፈ፤ ቃሉን ሲያየው የራሱ እጅ የጻፈው አልመስለው አለ፤ አጠፋው። «እየመጣሁ ነው ጠብቂኝ» ብሎ ጻፈ። ጣቱ መላኪያው ላይ ቆመ። ጠብቂኝ ብሎ ምን ይዞላት ሊመጣ ነው? ስመለስ እናወራለን ያላትስ ጠብቂኝ ማለቱ አልነበረም? ሊጨምርበት ፈለገ። ፓምፑን ሲጨርስ ደመወዙ እንደሚስተካከል፣ ሰቆጣ ላይ አንድ ሥራ እንደሚፈልግላት። እውነት መሆኑን ግን ራሱ አላመነም። ያላመነበትን ደግሞ ለእሷ መጻፍ ከበደው። ጽፎ ያጠፋል፣ ጽፎ ያጠፋል። ቀና ሲል ከስልኩ ጥግ ላይ የኔትወርኩ ምልክት የለም። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ አለት ላይ ወጣ፤ የለም።

ከታች ሰላሕ ጠራው። «ኢንጂነር! ሰማይ ከምትቧጥጥ ና ብሎን ያዝልኝ!»

ፊት ለፊት ይሻላል አለ ለራሱ። ፊቷን ካየሁ ቃሉ ይመጣል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወረደ።

አሁን የሚያቻኩል ነገር አልነበረም፤ ከተቻኮሉም አይሆንም። ጋቢናውን ደፉት። የዛገው ብሎን ላይ ናፍጣ አፈሰሱበት፣ በመዶሻ መታ መታ አደረጉት፣ እየተፈራረቁ ታገሉት። ይግዛው መዳፉ ተገሽልጦ ስለነበር መፍቻው በደም ይንሸራተት ነበር። ሰላሕ በሩ ከታሰረበት ነጠላ ጠርዝ ቀድዶ አሰረለት። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ዘንበል ብላ፣ ጥላው ወደ ምሥራቅ ከዞረ በኋላ ብሎኑ እጅ ሰጠ። ሞላውን ነቅለው አዞሩት፤ ምላሱን አሁን ሞላው ራሱ ከፍቶ ያዘው። ይግዛው ካቦው ከምላሱ ሌላ ጎን እንዲስብ አድርጎ ቋጠረው፤ እንዳይፈታም ሽቦውን አጥብቆ በፒንሳ አጠፈው። ሰላሕ ጋቢና ውስጥ ቀለበት ሠራለት።

«በቃ» አለ ሰላሕ። «አሁን ማንም አይይዘውም። መጥፋት ሲፈለግ ብቻ ይሳባል።»

«ጠዋት ሲሳብ ይሄዳል አላችሁ» አሉ እማማ። «አሁን ሲሳብ ይጠፋል? እኔ ከዚህ ወዲያ እጄን አላወጣም።» እንዳሉትም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ዳገት ላይ ማስነሳቱ የሰላሕ ድፍረት ነበር። ሁሉንም አውርዶ፣ ሰዉ መኪናውን ከቦዩ ገፍቶ ካወጣው በኋላ ከጎማው ሥር የተደገፈው ድንጋይ ተነሳ፤ የኋላ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን ወደ ኋላ አንሸራተተውና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ነቃ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው ይግዛው ጋቢና ዘልሎ ገባ። ኩርባው ዘንድ ሲደርሱ ደወለላት። ስልኳ ዝግ ነው አለው። ባትሪ ጨርሳ ይሆናል አለ። ሰላሕ «ይሆናል» አለ፤ ነዳጁንም ረገጠ።

ሰቆጣ ሲገቡ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ብቻ ቀልቶ ነበር። ሰላሕ እማማን ሆስፒታሉ አጠገብ ላሉ ዘመዶቻቸው ሊያደርስ ሲታጠፍ ይግዛው መናኸሪያው በር ላይ ወረደ። ግቢው ባዶ ነው። ተራ አስከባሪው ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩን ሊዘጋ ሰንሰለቱን ይዟል።

«አንዲት ልጅ፣ ቀጠን ያለች» አለ ይግዛው። «ወደ ወልድያ...»

«ያቺ ወንድሟን የምትጠብቀው?»

«እሷ።»

ተራ አስከባሪው ሰንሰለቱን አወረደ። «ሁለት መኪና ሙሉ ወንበሯን ለሰው እየሰጠች ቆመች። ደላላው ተናደደባት፤ ‹ሌሎቹን ልጆች አስጠበቅሽብኝ› እያለ። ሦስተኛው ሲሞላ በሩ ላይ አንድ እግሯን አስገብታ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ትንሽ ቆየች። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ገባች።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። አሁን ወልድያ ገብተዋል።»

«የሚሄድ መኪና...»

«አሁን? መንገዱ እኮ ከመሸ አይታለፍም፤ ታውቃለህ።» ከዚያ የታሰረ መዳፉን አየ። «ምን ነካህ? ግባና ውኃ ልስጥህ።»

ይግዛው አልገባም። ከመናኸሪያው ውጪ፣ ባጃጆች የሚቆሙበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ደላሎች ወልድያ ሲደርሱ ስልክ እንደሚሰበስቡ ሲወራ ሰምቷል፤ እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም። አንድ ባጃጅ ቀረብ ብሎ «ወዴት ነው?» አለው፤ እጁን አወዛወዘለት።

ጣቶቹ ስላበጡ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ምንም አላጠፋም።

«ለተ፣ መናኸሪያ ነኝ። መኪና ተበላሽቶብን ነው የዘገየሁት። ምን ሠርተሽ እንደምትኖሪ አላውቅም፤ ቅሪ ያላልኩሽ ለዚያ ነው። ግን ነገ ማለዳ ወልድያ እመጣለሁ። ከዚያ አትለፊ። ካለፍሽም የት እንዳለሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ላከው። መልእክቱ ሄደ። በማግስቱ ወልድያ ሄደ፤ ከወልድያም እያጠያየቀ ቆቦ ሄደ፤ ስልኩን ቀንም ሌሊትም ከእጁ አልለየም። ከለተሥላሴ ግን መልስ አልመጣም።